ለአማርኛ ፈተና ሰዋስው፣ ሥርዓተ ነጥብና የቃላት ምርጫ እንዴት እንለማመድ?

ፈተና በተቃረበ ቁጥር አንድ ጥያቄ በተለያየ አፍ ይመጣብኛል፦ «አማርኛ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ሆኖ ሳለ ሰዋስው ላይ ለምን ነጥብ ይቀነስብኛል?» ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያላችሁ ተማሪዎች ናችሁ፤ አልፎ አልፎ ወላጆችም ይጠይቁኛል። መልሱ አጭር ነው። አማርኛን የተማራችሁት በጆሮ ነው፤ ፈተናው ግን የሚመጣው በዓይን በኩል ነው። በፍጥነት ስትናገሩ «መጣሁ» እና «መጣው» አንድ ሆነው ሊያልፉ ይችላሉ፤ ወረቀት ላይ ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በንግግር ጊዜ ድምፃችሁን ከፍና ዝቅ በማድረግ የምትገልጹትን ነገር በጽሑፍ የሚሸከመው ነጥብ ነው። ከዚህ በታች ያለው ልምምድ በሙሉ በጆሮ የምታውቁትን በዓይን እንድታዩት የሚያደርግ ነው።

ጊዜው ሦስት ሳምንት ነው፤ በቀን 40 ደቂቃ ይበቃል። በአንድ ሌሊት አራት ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ 40 ደቂቃ ይሻላል። ስህተትን የማየት ልማድ የሚመጣው በመደጋገም ስለሆነ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የክፍላችሁ የአማርኛ መማሪያ መጽሐፍ፤ ከተገኘም ያለፈው ክፍል መጽሐፍ
- ቢያንስ ሦስት የቀድሞ ፈተናዎች ከነመልሳቸው (ከመምህራችሁ ወይም ካለፉት ተማሪዎች ጠይቁ)
- አንድ ባለ 50 ገጽ ደብተር
- ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ፣ እርሳስ
- አንድ ጋዜጣ፤ አዲስ ዘመንም ሆነ ሪፖርተር፣ የቆየ ቢሆንም ግድ የለም
- የአማርኛ መዝገበ ቃላት፤ ቤት ከሌለ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የምትጠቀሙበት
- ሰዓት

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ። የሰዋስው መጻሕፍት በሁሉም ነገር አይስማሙም። አንዱ የቃል ክፍሎችን ስምንት ሲላቸው ሌላው ስም፣ ቅጽል፣ ግስ፣ ተውሳከ ግስና መስተዋድድ ብሎ በአምስት ይጨርሳል። ተውላጠ ስምን ራሱን ያስቻለ መጽሐፍ አለ፤ ከስም ጋር የደመረም አለ። እናንተ የምትፈተኑት በክፍላችሁ መጽሐፍ ነው። ታላቅ ወንድማችሁ በሌላ አከፋፈል ተምሮ ከሆነ በዚህ ጉዳይ አትከራከሩት፤ መጽሐፋችሁን ተከተሉ።

1. መጀመሪያ ራሳችሁን ፈትኑ

ከሦስቱ ፈተናዎች አንዱን ያለ ምንም ጥናት፣ ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ። ከዚያ በመልሱ አርሙና እያንዳንዱን ስህተት ከአራት ፊደላት በአንዱ ምልክት አድርጉበት፦ ሰዋስው ከሆነ «ሰ»፣ ነጥብ ከሆነ «ነ»፣ የቃል ምርጫ ከሆነ «ቃ»፣ የፊደል አጻጻፍ ከሆነ «ፊ»። በመጨረሻ ቁጠሩ።

ይህን እርምጃ ብዙዎች ይዘሉታል፤ ውድ ዋጋ የሚያስከፍላቸውም እሱ ነው። ሳይቆጥር የሚያጠና ተማሪ ዞሮ ዞሮ የሚያነበው የሚያውቀውን ነው። የስም ዓይነቶችን ለአሥረኛ ጊዜ ያነባል፤ ድርብ ሰረዝን ግን አንድም ቀን አልጻፈም። ቁጥሩ የሦስቱን ሳምንት ጊዜ እንዴት እንደምትከፋፍሉ ይነግራችኋል፤ ብዙ ምልክት ያገኘው ግማሹን ጊዜ ይውሰድ።

2. የስህተት ደብተር ክፈቱ

የደብተሩን ገጽ በአራት ዓምድ ክፈሉት፦ ስህተቱ፣ እርማቱ፣ ምክንያቱ፣ የራሴ ምሳሌ። ከዚህ በኋላ የምትሠሩት ስህተት ሁሉ እዚህ ይገባል።

አንድ ተማሪ ካመጣልኝ ድርሰት ውስጥ የወጣች አንዲት ዓረፍተ ነገር እንይ፦

«ምንም እንኳን መምህራኖች ቢመክሩኝም ነገር ግን ሳላጠና ስለቀረው ውጤቴ ዝቅተኛ ሆነ።»

ለጆሮ ምንም አትልም። በቀይ እስክሪብቶ ስናያት ግን ሦስት ስህተት አለባት። «መምህራን» ራሱ ብዙ ቁጥር ነው፤ «-ኦች» ሲጨመርበት ብዙው እንደገና በዛ። «ምንም እንኳን … ቢመክሩኝም» ተቃርኖውን ስለገለጸ «ነገር ግን» ትርፍ ነው። «ስለቀረው» ደግሞ «ስለቀረሁ» መሆን ነበረበት፤ የቀረው ጸሐፊው ራሱ ነውና። እርማቱ፦ «ምንም እንኳን መምህራን ቢመክሩኝም ሳላጠና ስለቀረሁ ውጤቴ ዝቅተኛ ሆነ።»

ሦስቱ ስህተቶች በሦስት መስመር ይመዘገባሉ። አራተኛውን ዓምድ ባዶ አትተዉት። «ምክንያቱ» የሚለው ደንቡን እንደገባችሁ ያሳያል፤ «የራሴ ምሳሌ» ግን ደንቡን በሌላ ቦታ መጠቀም መቻላችሁን ይፈትናል። ፈተና ላይ የሚመጣው ያረማችሁት ዓረፍተ ነገር ራሱ አይደለም፤ ወንድሙ ነው።

3. ከመጨረሻው ጀምሩ፤ ማሰሪያ አንቀጹን ፈልጉ

የአማርኛ ዓረፍተ ነገር የሚታሰረው መጨረሻ ላይ በሚመጣው ግስ ነው። ስለዚህ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲሰጣችሁ ከፊት አትጀምሩ። መጀመሪያ ማሰሪያ አንቀጹን ክበቡ፤ ከዚያ «ማን?» ብላችሁ ባለቤቱን፣ «ምንን?» ብላችሁ ተሳቢውን አውጡ። በዚህች ሞክሩ፦

«ባለፈው ሳምንት ከገጠር የመጡት የጎረቤታችን አባት ለልጆቹ ያመጡትን ቆሎ ትናንት ማታ አከፋፈሉ።»

ማሰሪያው «አከፋፈሉ» ነው። ማን አከፋፈሉ? የጎረቤታችን አባት። አንድ ሰው ሆነው ሳለ ግሱ «አከፋፈሉ» ያለው ለአክብሮት ነው። ምንን? ያመጡትን ቆሎ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። የተሳቢው ምልክት «-ን» የት ገባ? «ቆሎ» ላይ ሳይሆን «ያመጡት» ላይ። ተሳቢው ተለይቶ ሲታወቅና ከፊቱ ገላጭ ሲኖር «-ን» የሚለጠፈው በገላጩ ላይ ነው፤ «ትልቁን ቤት ሸጠ» እንጂ «ትልቁ ቤትን ሸጠ» አይባልም። ገላጭ ከሌለ ወደ ስሙ ይመለሳል፦ «ቤቱን ሸጠ»። ተሳቢው ተለይቶ ካልታወቀ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «-ን» አያስፈልገውም፦ «ቤት ሸጠ»። በዚህች ትንሽ «-ን» ላይ የሚወጣ ጥያቄ ብዙ ነው።

ባለቤቱን ካገኛችሁ በኋላ ከግሱ ጋር በመደብ፣ በቁጥርና በጾታ መስማማቱን አረጋግጡ። በየዓመቱ የማያቸው ሦስት ወጥመዶች አሉ፦

- «እያንዳንዱ ተማሪዎች መጽሐፍ አመጡ» ስህተት ነው። «እያንዳንዱ» አንድ በአንድ የሚቆጥር ስለሆነ «እያንዳንዱ ተማሪ መጽሐፍ አመጣ» ይሆናል።
- «አቶ ከበደ ትናንት መጡ፤ ስለ ስብሰባውም ነገረኝ።» በአክብሮት የጀመረ በአክብሮት ይጨርስ፤ «ነገሩኝ» ነው።
- «ማንም መጣ» አይባልም። እንዲህ ባለ አባባል «ማንም» አሉታዊ ግስ ይፈልጋል፦ «ማንም አልመጣም»።

ማሰሪያ አንቀጽ ከጠፋባችሁ ምናልባት ያላችሁ ዓረፍተ ነገር ላይሆን ይችላል። «ተማሪው ትናንት ከትምህርት ቤት ሲመለስ።» አራት ነጥብ ቢደረግበትም ገና አልታሰረም፤ ሲመለስ ምን ሆነ? በድርሰት ጥያቄ ላይ አራት ነጥብ ከማድረጋችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

በቀን አምስት ዓረፍተ ነገር ከጋዜጣው መርጣችሁ እንዲህ ፍቱ። ከዜና ይልቅ ርዕሰ አንቀጹን እመርጣለሁ፤ ዓረፍተ ነገሮቹ ረጃጅም ስለሆኑ ለልምምድ ይመቻሉ።

4. ቃሉን በታትኑ

የቃል ምሥረታ ጥያቄዎች ቀላል ነጥብ ናቸው፤ በችኮላ ካላበላሻችኋቸው። ዘዴው ቃሉን ከግራ ወደ ቀኝ ሳይሆን ከመካከሉ መያዝ ነው። መጀመሪያ ዋናውን ትርጉም የያዘውን ክፍል አስምሩበት፤ ከዚያ ከፊቱና ከኋላው የተለጠፈውን አንድ በአንድ አውጡ።

«ከጓደኞቻችን» ስንበትን ከ + ጓደኛ + ኦች + ኣችን ይሆናል፤ አራት ምእላዶች፣ ማለትም ትርጉም ያላቸው ትንንሽ የቃል ክፍሎች ማለት ነው። «አልተሰበረችም» ደግሞ አል + ተ + ሰበር + ኧች + ም፤ አምስት። «አል» እና «ም» ሁለት ቦታ ቢቀመጡም የሚያመለክቱት አንድ ነገር፣ አፍራሽነትን ነው። ጥገኛ በሆነ ሐረግ ውስጥ ያ «ም» ይጠፋል፦ «ካልተሰበረች»፣ «ያልተሰበረች»።

አናባቢው ከፊደሉ ጋር ተዋህዶ ስለሚጻፍ «ኦች» ወይም «ኧች» ለብቻው አይታይም። «ቤቶች» የሚለውን አይታችሁ «ቤ + ቶች» ብላችሁ እንዳትከፍሉ፤ «ቤት + ኦች» ነው።

5. ሁለት ጊዜ የተባለውን አንዱን ሰርዙ

ለዚህ አንድ ሙሉ ቀን ስጡ። ከግእዝ የመጡ ብዙ ቁጥሮች ላይ «-ኦች» መደረብ የታወቀው ነው፦ ቃላቶች፣ ሕፃናቶች፣ መጻሕፍቶች፣ ካህናቶች። ትክክለኛዎቹ ቃላት፣ ሕፃናት፣ መጻሕፍት፣ ካህናት ናቸው፤ ወይም በአማርኛው መንገድ ቃሎች፣ ሕፃኖች፣ መጽሐፎች፣ ካህኖች ማለት ይቻላል። ከሁለት አንዱን እንጂ ሁለቱን ባንድ ላይ አይደለም።

ተመሳሳዩ ነገር በአያያዥ ቃላት ላይም ይታያል። «ዝናብ ስለዘነበ ስለዚህ አልመጣሁም» ውስጥ ምክንያቱ በ«ስለ-» ተነግሯልና «ስለዚህ» ይውጣ። «አልመጣም፤ ምክንያቱም ስለታመመ ነው» ሲባል «ምክንያቱም» ወይም «ስለ-» ይመረጥ፦ «ስለታመመ አልመጣም» ወይም «አልመጣም፤ ምክንያቱም ታሟል»። «ወደ ታች ወረደ» እና «ወደ ላይ ወጣ» በንግግር ያልፋሉ፤ «ትርፍ ቃል ያለበት የቱ ነው?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠሩት እነሱ ናቸው።

6. ፊደሉን አስተካክሉ

ከሁሉ በፊት «ሁ» እና «ው»። «እመጣለው»፣ «አየው ብዬ ነገርኩት»፣ «እወድሃለው» የሚሉትን በስልክ መልእክት በየቀኑ ስለምናይ ዓይናችን ለምዷቸዋል። «ሁ» እኔን ያመለክታል፤ «ው» እሱን። «አየሁ» ካልኩ ያየሁት እኔ ነኝ፤ «አየው» ከተባለ ሌላ ሰው እሱን አይቶታል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ከፊት «እኔ» ጨምሩበት። «እኔ እመጣለ…» ብላችሁ የምትጨርሱት በ«ሁ» ነው።

ቀጥሎ ሞክሼ ፊደላት፦ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። ዛሬ ድምፃቸው በአማርኛ አንድ ስለሆነ ጆሮ ፈጽሞ አይረዳም፤ ማየትና መጻፍ ብቻ ነው የሚያዋጣው። መጀመሪያ ፍቺ የሚለውጡትን ያዙ። «ሰረቀ» የሰው ንብረት ወሰደ ማለት ሲሆን «ሠረቀ» ለፀሐይ ሲነገር ወጣ ማለት ነው። «መሀረ» አስተማረ፣ «መሐረ» ይቅር አለ። «ሰአለ» ለመነ፣ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ። «ድህነት» ማጣት ነው፤ «ድኅነት» መዳን። ከዚያ በየቀኑ የምትጽፏቸውን አሥር ቃላት በልማዳዊ አጻጻፋቸው አጥኑ፦ ሥራ፣ ሕግ፣ ሕይወት፣ ሕዝብ፣ ዓለም፣ ዓመት፣ ኃይል፣ ፀሐይ፣ ንጉሥ፣ ሥርዓት።

እነዚህን አንብቦ ማለፍ አይበቃም። አንድ ሰው ያንብብላችሁ፣ እናንተ ጻፉ፤ ታናሽ እህት ካለች ለዚህ ሥራ ከእሷ የተሻለ ሰው አይገኝም፤ ስህተት ስታገኝ ደስታዋን አትደብቅም። በድርሰት ውስጥ ደግሞ አንድን ቃል በመጀመሪያው አንቀጽ «ዓለም»፣ በሦስተኛው «አለም» ብላችሁ አትጻፉ። መዋዠቁ ራሱ የአራሚውን ዓይን ይስባል።

7. ሥርዓተ ነጥብን በመግፈፍ ተለማመዱ

የነጥቦችን ስምና ትርጉም መሸምደድ ሩቅ አያደርስም። ይልቅ ከጋዜጣው አንድ አንቀጽ ያለ ምንም ነጥብ ደብተራችሁ ላይ ገልብጡ። በማግስቱ ጋዜጣውን ሳታዩ ነጥቦቹን በእርሳስ መልሱ፤ ከዚያ አመሳክሩ። በማግስቱ የምላችሁ ያነበባችሁትን እንድትረሱት ነው፤ ወዲያው ከሠራችሁት የምትለማመዱት ማስታወስን እንጂ ነጥብን አይደለም።

መጀመሪያ በዚህች ሞክሩ፦

«ትናንት ማለዳ ከእናቴ ጋር ገበያ ሄድን እናቴ ሽንኩርት ቲማቲም ድንችና ጎመን ገዛች ከዚያ ምን ትፈልጊያለሽ አለችኝ እኔ ግን ምን እንደምመርጥ አላወቅሁም»

መልሱ፦

ትናንት ማለዳ ከእናቴ ጋር ገበያ ሄድን። እናቴ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንችና ጎመን ገዛች። ከዚያ፣ «ምን ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ፤ እኔ ግን ምን እንደምመርጥ አላወቅሁም።

በዚህች አጭር አንቀጽ ውስጥ ፈተና የሚወዳቸው ነገሮች አብዛኞቹ አሉ። አራት ነጥብ የገባው ማሰሪያ አንቀጽ ባለበት ነው፤ ሦስተኛው እርምጃ እዚህም ሠራ። ነጠላ ሰረዝ ዝርዝሩን ለየ፤ «ድንችና» ላይ ግን «-ና» ራሱ ስላያያዘ ሰረዝ አያስፈልግም። ድርብ ሰረዝ ሁለት በየራሳቸው የተሟሉ፣ ግን በሐሳብ የተያያዙ ዓረፍተ ነገሮችን አገናኘ። የጥያቄ ምልክቱ በትእምርተ ጥቅሱ ውስጥ ገባ፤ የጠየቀችው እናት ናትና። የመጨረሻው ግን «ምን» የሚል ቃል ቢኖረውም ጥያቄ አይደለም፤ አለማወቅን የሚናገር ሐተታ ስለሆነ በአራት ነጥብ ይዘጋል። እዚያ ላይ የጥያቄ ምልክት የሚያደርግ ተማሪ ብዙ ነው።

ትእምርተ ጥቅስ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚጠራጠር ካለ ይህችን ይይ፦ «አበበ ከበደ መጣ አለ»። ማን ነው የመጣው? አበበ፣ «ከበደ መጣ» አለ ተብሎ ከተጻፈ የመጣው ከበደ ነው፤ ተናጋሪው አበበ። «አበበ ከበደ መጣ» አለ ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ የመጣው አበበ የተባለው የከበደ ልጅ ነው፤ የተናገረው ሌላ ሰው። ቃላቱ አንድ ናቸው፤ ሰውየውን የለወጠው ነጥብ ነው።

ሌሎቹን በፍጥነት፦ ዝርዝር ወይም ጥቅስ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ነጥብ ከሰረዝ (፦) ይገባል። ቃለ አጋኖ (!) አንድ ይበቃል፤ ሦስት መደርደር ለስልክ መልእክት ነው። እዝባር (/) ለአማራጭ፣ ለቀንና ለምሕጻረ ቃል ያገለግላል፤ ት/ቤት እንደሚባለው። ሁለት ነጥብ (፡) ቀድሞ ቃልን ከቃል ይለይ ነበር፤ አሁን ባዶ ቦታ ስለተካው በጽሑፋችሁ አትጠቀሙበት፤ ስሙንና አገልግሎቱን ግን እወቁ፤ ይጠየቃልና።

ማስጠንቀቂያ። በእጅ ስትጽፉ ነጠላ ሰረዝን (፣) እና ድርብ ሰረዝን (፤) ለይታችሁ ጻፉ። አራሚው መገመት የለበትም፤ ከተጠራጠረ ነጥቡን አይሰጥም። በኮምፒውተር የምትጽፉ ደግሞ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመምታት አራት ነጥብ አትሥሩ፤ ለአራት ነጥብ ራሱን የቻለ ምልክት አለው።

8. ቃላትን ከጎረቤታቸው ጋር አጥኑ

የቃላት ምርጫ ጥያቄ የሚጥላችሁ የቃሉን ፍቺ ሳታውቁ ቀርታችሁ ሳይሆን ቃሉ ከማን ጋር እንደሚውል ስላላያችሁ ነው። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ ቃል ብቻውን አትጻፉ፤ ከባልንጀራው ጋር ጻፉት።

አንድ ምሳሌ በሰፊው እንየው። «አደረገ» የሚል አንድ ግስ ሁሉን ያለብሳል፦ ኮፍያ አደረገ፣ ጫማ አደረገ፣ ቀለበት አደረገ። ስህተት አይደለም፤ ግን አማርኛ ለእያንዳንዱ የተለየ ቃል አለው። ልብስ ይለበሳል፣ ጫማ ይጫሙታል፣ ኮፍያና ዘውድ ይደፋል፣ ቀለበት ይጠለቃል፣ ጥምጣም ይጠመጠማል፣ ቀበቶ ይታጠቁታል፣ ካባ ይደረባል፣ ሻሽና ሰዓት ይታሰራል። «ቆረጠ»ም እንዲሁ ነው። እንጨት ይፈለጣል፣ ጤፍ ይታጨዳል፣ እንጀራ ይቆረሳል፣ ሽንኩርት ይከተፋል፣ ቋንጣ የሚሆን ሥጋ ይዘለዘላል። ክፍት ቦታ አስሞልቶ አራት አማራጭ የሚሰጥ ፈተና የሚፈልገው ይህን ነው። ማታ ወጥ ቤት ገብታችሁ እናታችሁ ወይም አያታችሁ የሚሉትን ግስ ብትጽፉ ከማንኛውም ዝርዝር የተሻለ ታገኛላችሁ።

ሁለተኛው፣ የቃሉ መልካምና ክፉ ጎን ነው። «አስከተለ» ብዙውን ጊዜ ለጉዳት ይነገራል፤ «አስገኘ» ለጥቅም። ድርቁ ረሃብ አስከተለ፤ ጥረቷ ሽልማት አስገኘላት። «ዳረገ» ወደ ክፉ ይወስዳል፤ «አበቃ» ወደ መልካም፦ ለችግር ዳረገው፣ ለማዕረግ አበቃው። «ለስኬታችን ተጠያቂው መምህራችን ናቸው» ብሎ የጻፈ ተማሪ ማመስገኑ ነበር፤ የተነበበው ግን ክስ ሆኖ ነው።

ሦስተኛው ጠብቆና ላልቶ መነበብ ነው። ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ ፍቺውን የሚነግራችሁ ዐውዱ ብቻ ነው። «ቤት ውስጥ ሰው አለ» ሲባል ይጠብቃል፤ «አይሆንም አለ» ሲባል ይላላል። «የገና ጨዋታ» ይጠብቃል፤ «ገና አልመጣም» ይላላል። «ዋናው ችግር» እና «ዋና መማር»፣ «ሰፊ ቤት» እና «ልብስ ሰፊ»፣ «ሥጋው ይበላል» እና «ልጁ ይበላል» እንዲሁ። እነዚህን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። በዚህ መመሪያ ውስጥ ጆሯችሁ ከዓይናችሁ የሚበልጥበት ቦታ ይህ ብቻ ነው።

አራተኛው ፈሊጥ ነው። ሆደ ሰፊ ታጋሽ ነው፤ ሆደ ባሻ በትንሽ ነገር የሚከፋው። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ሰምቶ እንዳልሰሙ መሆን ነው። ፈሊጥን በቃል በቃሉ የሚተረጉም አማራጭ ሁልጊዜ ከአራቱ መካከል ይቀመጣል፤ የተቀመጠው እናንተን ለመያዝ ነው።

በቀን ስምንት ጥንድ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያዎቹ ይጠፋሉ።

9. የጻፋችሁትን አራት ጊዜ አንብቡ፤ በየጊዜው አንድ ነገር ብቻ ፈልጉ

በሳምንት ሁለት ጊዜ የአንድ ገጽ ድርሰት ወይም ማመልከቻ ጻፉ። ሲያልቅ መጀመሪያ ማሰሪያ አንቀጾችን ብቻ እያያችሁ እለፉ። በሁለተኛው ዙር ነጥቦችን፣ በሦስተኛው ትርፍና ያልተስማሙ ቃላትን፣ በአራተኛው ፊደልን። ሁሉን ባንድ ጊዜ ለማየት የሞከረ ዓይን ሐሳቡን ተከትሎ ይሄዳል፤ ስህተቱን ዘሎ የሚያልፈውም ምን ለማለት እንደፈለገ ስለሚያውቅ ነው። ፊደልን በምታዩበት ዙር ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ወደ መጀመሪያው ብታነቡ ይረዳችኋል፤ ሐሳቡ ስለሚቋረጥ ፊደሉ ጎልቶ ይታያል።

ማመልከቻ ሲሆን የአነጋገር ደረጃውንም ጠብቁ። «እባካችሁ ፈቃድ ስጡኝ» ለጓደኛ ነው፤ ለርዕሰ መምህር «ፈቃድ እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ይባላል።

10. በመጨረሻው ሳምንት በሰዓት ሥሩ

የቀሩትን ሁለት ፈተናዎች በሦስት ቀን ልዩነት፣ በእውነተኛው ፈተና ሰዓት ልክ ሥሩ። የምርጫ ጥያቄ ስታነቡ «ያልሆነው»፣ «በስተቀር»፣ «የተሳሳተው» የሚሉትን አስምሩባቸው፤ ደንቡን እያወቀ ጥያቄውን ገልብጦ የሚመልስ ተማሪ ከማያውቀው አይተናነስም። አማራጮቹን ከማየታችሁ በፊት መልሱን በራሳችሁ ገምቱ። የተሳሳተ አማራጭ ደጋግሞ ሲነበብ ትክክል መምሰል ይጀምራል።

ውጤቱን ከመጀመሪያው ፈተና ጋር በአራቱ ፊደላት አነጻጽሩ። «ነ» ከ9 ወደ 3 ወርዶ «ቃ» ባለበት ከቆመ የቀሩት ቀናት የማን እንደሆኑ ግልጽ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ የአጠናን ስህተቶች

ትርጓሜ መሸምደድ አንዱ ነው፦ «ተውሳከ ግስ ማለት ግስን የሚገልጽ ነው» ብሎ በቃሉ የያዘ ተማሪ «ክፉኛ» የሚለውን ቃል ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲያገኘው ቅጽል ይለዋል። ሌላው፣ መልሱን አይቶ «አዎ፣ አውቀው ነበር» ብሎ ማለፍ ነው፤ የተሳሳታችሁት ነገር ደብተሩ ላይ ካልገባ ይመለሳል። የጓደኛን የስህተት ደብተር መገልበጥም አይጠቅምም፤ እሱ የሚሳሳተው ሌላ ቦታ ነው።

ሦስት ቀን ብቻ ከቀራችሁስ?

ይህም ጥያቄ አይቀርም፤ አብዛኛውን ጊዜ በዋዜማው ይመጣል። በመጀመሪያው ቀን እርምጃ 1ን ሠርታችሁ ስህተታችሁን ቁጠሩ፣ እንደ እርምጃ 2ም በደብተር መዝግቡ፤ ማታ እርምጃ 3ን በአሥር ዓረፍተ ነገር ተለማመዱ። በሁለተኛው ቀን የእርምጃ 5ን ትርፍ ቃላትና የ«ሁ»ና «ው»ን ልዩነት ያዙ፤ አንድ አንቀጽም ነጥቡን ገፍፋችሁ አስቀምጡ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የአንቀጹን ነጥቦች መልሱ፤ ከሰዓት በኋላ ደብተራችሁን ሁለተኛውንና አራተኛውን ዓምድ በወረቀት ሸፍናችሁ እርማቱን በቃል ተናገሩ። የቃላት ዝርዝር በሦስት ቀን አይገባምና አትጀምሩት። ማታ እስክሪብቶና መታወቂያችሁን አዘጋጅታችሁ ተኙ።